ዶክተሩ፣ አዳዳና የዲጋው ድንች

ዶክተሩ ነቀምቴ የመጣ ዕለት መጀመሪያ ያየው ፊቴን ሳይሆን እጄን ነበር። በትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ቢሮ ውስጥ አቁሞ ጣቶቼን አስዘረጋኝ፤ ጥርስ ገልጦ እንደሚያይ በሬ ገዢ እያገላበጠ ተመለከታቸውና «አይንቀጠቀጡም፤ ይሆናሉ» አለ። ያለውም ለእኔ አይደለም፤ ለዲሬክተሩ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠላሁት። እሱ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ እኔም አርጅቻለሁ፤ ጥላቻዬ ግን አልበረደም። ይቅር በይ የሚሉኝን የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቼን ሁሉ ሰምቻቸዋለሁ። አልሆነልኝም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ በትምህርት ቤቱ በሴቶቹ ክፍል ሳይንስና ሥዕል አስተምር ነበር። ዶክተሩ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የዕፅዋት ሊቅ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣው አንድን የዕፅዋት ወገን አንድ በአንድ ለይቶ ሊጽፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሶብላ፣ ዳማከሴ፣ ጦስኝና ናና አንድ ቤተሰብ ናቸው። ለተማሪዎቼ ይህን ሳስተምር ግንዱን በሁለት ጣታቸው ይዘው እንዲያሽከረክሩት አደርግ ነበር፤ አራት ማዕዘን መሆኑ ወዲያው ይታወቃቸዋል። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ አበባውም እንደ ሰው አፍ የላይና የታች ከንፈር አለው። በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ የታችኛው ከንፈሩ እንደ ጀልባ የጎደጎደ፣ ሰማያዊ አበባ ያለው አንድ ወገን አለ። አብዛኛው ዱር ነው። አንዱን ግን የወለጋ ገበሬ በጓሮው ይተክለዋል፤ ከሥሩ እንደ ጣት የረዘመ ድንች ያወጣል። እኛ ዲንቻ ኦሮሞ እንለዋለን፤ የኦሮሞ ድንች ማለት ነው። ዶክተሩ የዚህን ወገን ዝርያዎች ሊቆጥር፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚለይ ሊወስን መጣ። ለዚህም አበባ ሰንጥቆ የሚስል እጅና ኦሮምኛ የሚናገር አፍ ፈለገ። ዲሬክተሩ ሁለቱንም በእኔ ሰጠው። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ከክፍል ነፃ አደረገኝ።

አባቴ ወንጌላዊ ነበር። ወሬውን ሲሰማ መጽሐፉን ዘጋ።

«ያላገባች ልጅ፣ ከማናውቀው ወንድ ጋር፣ በመኪና፣ ሦስት ሳምንት?»

«ሹፌርም አለ» አልኩ።

«ሁለት ወንድ ሆነ ማለት ነው» አለ አባቴ።

በመጨረሻ ከአርጆ እህቱን አስጠራ። እኛ የአባትን እህት አዳዳ እንላለን፤ እኔም ሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም። አዳዳ ባሏ የሞተባት፣ ማሳዋን ራሷ የምትቆፍር፣ ዲንቻዋ በአርጆ ገበያ ቀድሞ የሚያልቅላት ሴት ነበረች። አማርኛ አትናገርም። በተቀጠረው ጠዋት ላንድሮቨሩ ደጃችን ሲቆም ጠብቃ፣ የፊተኛውን በር ከፍታ፣ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ንገሪያት» አለኝ፤ «ይህ የእኔ ቦታ ነው።»

ነገርኳት። አዳዳ ዘወር ብላ አየችውና በኦሮምኛ «ለአባቷ ልጠብቃት ቃል ሰጥቻለሁ። አንተ ከኋላ ከእሷ ጋር አትቀመጥም፤ እኔ ከፊት ሆኜ ዞሬ ዞሬ አንገቴን አልሰብርም። እሷ ወደ እኔ ትምጣ፤ አንተ ከኋላ ከዕቃህ ጋር ሁን» አለች።

«ምን አለች?»

«ከኋላ ስቀመጥ መኪና ያዞረኛል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ አለች» አልኩት።

እንዲህ ነበር የጀመርነው። እሷ «አንተ» ያለችውን እኔ «እርስዎ» እያደረግሁ፣ የሷን ቁጣ አለዝቤ የሱን ንቀት ሸሽጌ፣ በሁለቱ መሐል ሦስት ሳምንት ዋሸሁ። ዛሬ ሳስበው ከዶክተሩ ባላነሰ ያኔ በነበርኩት እኔ እናደዳለሁ።

ሥራው ራሱ ግን ያምር ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ጠዋት በአርጆ መንገድ ወይም ወደ ዲጋ እንወጣለን። ዶክተሩ ተክሉን ከነሥሩ ይነቅላል፣ ጋዜጣ መሐል ያስተኛዋል፣ በሁለት የእንጨት ርብራብ መሐል አድርጎ በቀበቶ ያጠብቀዋል። እኔ ሳይጠወልግ አበባውን በምላጭ ሰንጥቄ በአጉሊ መነጽር እያየሁ እስላለሁ፦ ሁለቱ ከንፈሮች፣ በታችኛው ከንፈር ውስጥ የተጋደሙት አራት ወንዴ ዘንጎች፣ አበባውን ከሥር የያዘችው አረንጓዴ ጽዋ፣ በጽዋዋ ላይ ያለው ጸጉር። አንድ አበባ ሰዓት ሙሉ ሲያዩት አገር ያህላል። ዶክተሩ በእጁ ጥንቁቅ ነበር፤ አንዲት ቅጠል ተጣጥፋ ከደረቀች መላው ወረቀት ተበላሸ ብሎ ይጮኽ ነበር። ለተክል የነበረውን ትዕግሥት ግማሹን ለሰው ቢሰጥ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ከዲጋ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ወንዝ ዳር፣ ከዋርካ ሥር፣ ወገብ የሚደርስ ተክል አገኘን። አበባው ሰማያዊ፣ ቅጠሉ እንደ መዳፍ የሰፋ፣ ግንዱ ሐምራዊ ነጠብጣብ ያለበት። ዶክተሩ ተንበርክኮ በጣቱ ቆፈረ። ከሥሩ ድንች የለም፤ ቀጫጭን ሥር ብቻ ነው። ሌላ ነቀለ፤ የለም። ሦስተኛ፤ የለም። ፊቱ በራ። ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ይህን ማንም አልመዘገበውም» አለ። «አዲስ ዝርያ ነው።»

ለሹፌሩ ሲያወራ እንደሰማሁት፣ በአንድ የአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ስም ሊጠራው ወዲያው ወስኗል። ለተክል የሰው ስም ይሰጣል፤ ተክሉን አይቶት የማያውቅ ሰው ስም።

አዳዳ ግን ከዋርካው ጀርባ ዞራ መሬቱን በእግሯ ትነካካ ነበር። ጠራችን። ሣር ውስጥ ሦስት የጉልቻ ድንጋይ እንደተጎለቱ ቀርተዋል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ የተሰበረ የወፍጮ መጅ።

«እዚህ ቤት ነበረ» አለች። «ይህ ጓሮ ነው። የእሱ ተክል ዲንቻ ነው፤ ባለቤቱ ትቶት የሄደ ዲንቻ።»

ተረጎምኩ። ዶክተሩ ሳቀ፤ የፊተኛው ዓይነት ሳቅ አይደለም።

«ድንቹ የታለ ታዲያ?»

አዳዳ እንደ ሞኝ ልጅ አየችው። «ጫፉን የሚቀነጥስለት የለም፤ አፈር የሚያለብሰው የለም፤ ከጥላ ሥር ቆሟል። እንዲህ ሲሆን ወደ ላይ ይሸሻል እንጂ ወደ ታች አይወልድም። ቶኩማ» አለች፤ አንድ ነው ማለቷ ነው። ይህቺን ቃል ሳልተረጉምለትም ገባችው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዲጋ፣ ባረፍንበት ቤት በረንዳ ላይ፣ ከወንዙ አሥር አበባ፣ ከአንድ ገበሬ ጓሮ ከመጣው ዲንቻ አሥር አበባ ሰንጥቄ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ከንፈሩን ለካሁ። ዘንጎቹን ቆጠርኩ። ጸጉሩን አየሁ። ልዩነት ፈልጌ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አዲስ ዝርያ መሳል እኔንም አጓጉቶኝ ነበር። ልዩነት አላገኘሁም።

«ዶክተር፣ አበባው አንድ ነው።»

«ማን ጠየቀሽ?»

«እንድስል አዝዘውኛል። ስስል አየሁ።»

«አንቺ ያየሽውን ሳዪ» አለኝ። «የማሰቡን ሥራ ለእኔ ተዪው። ሁለት ዝርያ የሚለየው በአበባ ብቻ ነው ያለሽ ማን ነው? ቅጠሉን አታዪም? ግንዱን አታዪም?»

«ከወንዙ ዳር ራሱ ጠበብ ያለ ቅጠል ያለውም አለ፤ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል። ጋዜጣው ውስጥ አለ።»

ተነሣና ርብራቡን ፈታ። ያልኩትን ወረቀት አገኘ። ጠባብ ቅጠል ያላቸውን ሦስቱን ቅርንጫፎች አውጥቶ ከበረንዳው ወደ ግቢው ወረወራቸው። ከዚያ ከጥላው ሥር የመጣውን፣ የሁሉንም ትልቁን ቅጠል አንሥቶ ፊቴ አኖረ።

«ይህን ሳዪ።»

ሳልኩት። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ዲሬክተሩን ፈራሁ፣ የአባቴን ስም ፈራሁ፣ እሱንም ፈራሁ። ጥርስ ጥርሱን፣ ደም ሥሩን አሳምሬ ሳልኩት። ሥዕሉ ትክክል ነው፤ ያ ቅጠል በእርግጥ እንደዚያ ነበር። ግን ግቢ ውስጥ ሦስት ቅርንጫፍ ወድቆ ፍየል እየበላው ነበር።

የሚብሰው ከዚያ በኋላ መጣ። በእያንዳንዱ ናሙና ላይ ቀን፣ ቦታ፣ የአገሬው ስም የሚጻፍበት ትንሽ ወረቀት ይለጠፋል፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከጓሮው የመጣው ዲንቻ ላይ ስንደርስ «የአገሬው ስም» አለና፣ ያን ጊዜ በሕዝባችን ላይ የተለጠፈውን የስድብ ስም ከድንች ጋር አገናኝቶ ተናገረ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። ብዙ ሰው ይለው እንደነበር አውቃለሁ፤ በገበያ ሰምቼዋለሁ፣ በመጽሐፍም አይቼዋለሁ። ግን እጄ አልጻፈውም።

«ስሙ ዲንቻ ኦሮሞ ነው» አልኩ።

«የታወቀው ስም ያልኩሽ ነው።»

«የአገሬው ስም ነው የሚለው ወረቀቱ። አገሬው እዚህ ተቀምጣለች፤ ይጠይቋት።»

ብዕሩን ከእጄ ነጠቀኝ። ራሱ ጻፈው። አዳዳ ከደጃፉ ተነሥታ መጣች፤ ነገር እንዳለ በድምፃችን አውቃለች።

«ምን ጻፈ?» አለችኝ።

«ስሙን» አልኳት። «እኛ እንደምንለው።»

ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ «ጋሪ» አለች፤ ጥሩ ነው። ያቺ «ጋሪ» ለዓመታት ጆሮዬ ውስጥ እንደ እሾህ ተቀምጣ ቆየች።

ወደ ነቀምቴ በተመለስንበት ቀን፣ ላንድሮቨሩ ወንዙ ጋ ለውኃ ሲቆም፣ አዳዳ ወርዳ ከዋርካው ሥር አራት ቅርንጫፍ ቆረጠች። በእርጥብ የሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ከነጠላዋ ሥር ያዘችው። ምን ልታደርግ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ገብቶኝ ነበር።

ዶክተሩ በዓመቱ በኅዳር ተመልሶ መጣ፤ የበሰለ ፍሬ ሊሰበስብ። ጽሑፉን ገና አላሳተመም፤ ውጭ አገር ካለ የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ ቤት መልስ ይጠብቅ ነበር። እኔም እንደገና ተሰጠሁት። በዚያ ዓመት ውስጥ ከአዳዳ መልእክት ደርሶኝ ነበር፦ የተቆረጠው በጓዳዋ ውኃ መድፊያ አጠገብ ከረመ፣ በሚያዝያ ማሳ ገባ፣ ጫፉ ተቀነጠሰ፣ አፈር ለበሰ። እኔም በኩራት አብጬ፣ «አርጆ አንድ የማሳይዎ ነገር አለ» አልኩት።

አዳዳ ማሳዋ ዳር ጠበቀችን። ሰላምታ እንኳ አላስረዘመችም፤ መቆፈሪያዋን አንሥታ ከመደቡ ጫፍ ጀመረች። በመጀመሪያው ምት አፈሩ ተገለበጠና ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው፣ እንደ ጣት የረዘመ ድንች ወጣ፤ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አሥር። አንዱን በጥፍሯ ሰበረችው፤ ውስጡ ነጭ ነው። እግሩ ሥር አስቀመጠችለት።

ዶክተሩ አንሥቶ አየው። ቅጠሉን አየ፤ ጠባብ ሆኗል። ግንዱ ላይ ነጠብጣቡ አለ፤ ግን ደብዝዟል። ድንቹን በእጁ ደጋግሞ አገላበጠው። አሸነፍን ብዬ ልቤ ዘለለ።

«ይህ የራሷ ድንች ነው» አለ። «ከአጥሯ ሥር ያለውን አምጥታ ተክላ ነው።»

«ሲቆረጥ እኔ አይቻለሁ!»

«ሲቆረጥ አየሽ። ሲተከልስ?»

ዓይኔ ወደ መደቡ ዞረ።

«ከተቆረጠው አንድ ቅርንጫፍ አድርቀሽ አስቀምጠሻል? የተተከለበትን ቀን ጽፈሻል? መደቡ ላይ ምልክት አለ? በየወሩ ስለሽዋል?»

«አላደረግሁም።»

«እንግዲያው ተረት ነው የነገርሽኝ። ሴትዮዋን አጭበርባሪ ነሽ ይልሻል በያት።»

አልተረጎምኩም። አዳዳ ግን መቆፈሪያዋን ተደግፋ «አትልፊ፤ የገበያ አማርኛ ይበቃኛል» አለችኝ በኦሮምኛ። ከዚያ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ በአማርኛ አናገረችው። «ሂድ» አለችው። «ከእርሻዬ ሂድ።»

ሄደ። ላንድሮቨሩ ውስጥ ገብቶ ጠበቀኝ።

እኔ ግን አልተነሣሁም። የጠየቀኝ ጥያቄ ውስጤ ገብቶ ነበር። የጠላሁትን ሰው ይበልጥ የጠላሁት እዚያ ላይ ነው፤ ትክክል ስለነበረ። ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ለተማሪዎቼ በየቀኑ «ያላያችሁትን አትጻፉ» እላለሁ፤ እኔ ግን አንድም ነገር ሳልጽፍ፣ ዓመት ሙሉ ሳላይ፣ በአክስቴ ቃል ብቻ ልከራከር መጣሁ። ደግሞም አዳዳን አውቃታለሁ። ዶክተሩን ለማሳፈር ስትል የአጥሯን ዲንቻ መትከል ትችላለች።

ጠየቅኋት። አፌን በቆረጠው።

«አዳዳ፣ እውነት ያው ነው? ከወንዙ የቆረጥሽው?»

ድንቹን ቅርጫት ውስጥ ትከት ነበር፤ እጇ ቆመ።

«እሱ አያውቀኝም» አለች። «አንቺስ?»

ቅርጫቱን አንሥታ ወደ ቤቷ ገባች። በሩን አልዘጋችውም፤ ግን እስከ አጥሩ በርም አልሸኘችኝም። በእኛ አገር ጠላት እንኳ መጥቶ ሲሄድ እስከ አጥር ይሸኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት እንዴት እንዳለፈ ልናገር። ለአባቴ ምንም አልነገርኩም። አንድ ቅዳሜ ብቻዬን በጭነት መኪና ዲጋ ድረስ ሄጄ፣ ከዋርካው ሥር ስድስት ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ከእያንዳንዱ ላይ ጫፉን ወስጄ አደረቅሁ፤ ቁጥር ሰጠሁት፤ ቀኑን ጻፍኩ። የቀረውን በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ዲንቻ ባልነበረበት መሬት፣ በቆርቆሮ ላይ ቁጥር ጽፌ ተከልኩ። ሦስቱን ፀሐይ ላይ፣ ሦስቱን ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር። በየወሩ ከሁሉም አንድ ቅጠል ሳልኩ። የፀሐዮቹን ጫፍ ቀነጠስኩ፣ አፈር አለበስኩ፤ የጥላዎቹን ተውኳቸው። ሌሎቹ አስተማሪዎች «ጓሮ ያዘች፤ ባል ብታገባ ይሻላት ነበር» ይሉ ነበር፤ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ አያደርጉም። አንድ ቀን ጠዋት የግቢው ዘበኛ አንዱን ተክል ረግጦት አገኘሁ። ሆን ብሎ ይሁን ሳያይ አላወቅሁም፤ ሆን ብሎ ነው ብዬ ለዓመት አላናገርኩትም። ሰው መጥላት አንዴ ከተጀመረ ይሰፋል።

ቅጠሉ በየወሩ ሥዕሌ ላይ ሲጠብ አየሁት። ከጥላው ሥር ያለው ሰፊ እንደሆነ ቀረ። በኅዳር ቆፈርኩ። ከጥላዎቹ የወጣው ቀጫጭን ሥር ብቻ፣ አንዱ ላይ እንደ ባቄላ ያለች እብጠት። ከፀሐዩ ሁለት ተክል፣ የተረገጠውን ትቼ፣ አሥራ ሰባት ድንች። ትልቅ አይደሉም። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ደስታ ግን አልነበረም። የማስበው ስለ አዳዳ በር ነበር።

የደረቁትን ናሙናዎች፣ ሥዕሎቹንና የቀኑን መዝገብ በአንድ ካርቶን አሽጌ አዲስ አበባ ለዶክተሩ ላክሁ። ከላይ አንድ ወረቀት አስቀመጥኩ፦ «የጠየቁኝን ሁሉ አድርጌአለሁ። ያዩትን ይጻፉ።» መልስ አልመጣም።

ከድንቹ ግማሹን ይዤ አርጆ ሄድኩ። አዳዳ ከደጇ ተቀምጣ ጌሾ ትለቅም ነበር። «አካም ጂርታ» አልኳት። ሰላምታውን መለሰች፤ ተቀመጪ ግን አላለችኝም። ድንቹን ፊቷ አፈሰስኩት፤ እንዴት እንደተከልኩት፣ እንዴት እንደቆጠርኩት ነገርኳት።

«እኔን ለማመን ዓመት ፈጀብሽ» አለች።

«አዎ።»

«አሁንም ያመንሽው ራስሽን ነው።»

ይህም እውነት ነበር። ስለዚህ የቀረውንም ነገርኳት፤ ዲጋ በረንዳው ላይ ዶክተሩ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን ቃል፣ እኔም «እኛ እንደምንለው» ብዬ የዋሸኋትን። ቃሉን ስናገር ጌሾ መልቀሟን አላቆመችም። ሲያበቃ ቅጠሉን ከጭኗ ላይ አራገፈች።

«ያን ቀን ነግረሽኝ ቢሆን» አለች፤ «በዚያ በረንዳ ላይ በመቆፈሪያዬ እመታው ነበር። እስር ቤት እገባ ነበር። የዋሸሽኝ ለእሱ ፈርተሽ ነው ለእኔ?»

«ለራሴ ነው» አልኳት።

ጌሾውን ወደ ጎን ገፋ አደረገች። «ተቀመጪ» አለች በመጨረሻ። ድንቼን ከራሷ ጋር ቀላቅላ ቀቀለችው፤ በላን። ሲመሽ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። እንደ ድሮው ግን አልሆንንም፤ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ስትነግረኝ «ካላመንሽ ቆፍረሽ እዪ» የምትል ልማድ አወጣች፤ ሰው ፊትም ትለው ነበር።

የዶክተሩ መጽሐፍ ከሁለት ዓመት በኋላ ታተመ። አንድ ቅጂ ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት መጣ። በቁሜ ገለጥኩት። አዲስ ዝርያ የሚባል ነገር የለም፤ የትልቁ ሰው ስም የለም። ስለ ጓሮው ድንች ከተጻፈው ሥር በትንሽ ፊደል፣ በዲጋ አጠገብ ወንዝ ዳር በዱር እንደሚገኝ፣ ከሰው ጓሮ ወጥቶ የቀረ እንደሆነ፣ በጥላ ቅጠሉ እንደሚሰፋና ድንች እንደማይሰጥ «ደራሲው በሙከራ እንዳረጋገጠ» ይላል። ደራሲው! ከጎኑ የእኔ ሥዕሎች፤ የፀሐዩና የጥላው ቅጠል ከወር እስከ ወር። ስሜ የለም፤ የአዳዳ የለም፣ የአርጆም የለም። ከሥዕሉ ሥር ግን፣ የአገሬው ስም በሚለው ቦታ፣ ያ ቃል በጥቁር ቀለም ታትሟል። ከእኔ ሥዕል ሥር።

ቦርሳዬ ውስጥ የተማሪ ደብተር የማርምበት ቀይ ብዕር ነበር። አወጣሁት። ቃሉን ደጋግሜ ሰረዝኩት፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ። ከጎኑ «ዲንቻ ኦሮሞ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ «ደራሲው» የሚለውን ሰርዤ «ሁለት ሴቶች» አልኩበት። የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ አፉን ከፍቶ ያየኛል። መጽሐፉን ዘግቼ ሰጠሁት።

በማግስቱ ዲሬክተሩ ጠራኝ። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ይህ የመንግሥት ንብረት ነው» አለ።

«ሥዕሉስ የማን ነው?»

«በደመወዝሽ ጊዜ የሳልሽው የመንግሥት ነው።»

«ስድቡም የመንግሥት ነው?»

ፊቱ ተለዋወጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ ከክፉ ይልቅ ያስቸግረኝ የነበረው ፈሪ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የይቅርታ ደብዳቤ እንድጽፍ፣ አንድ ግልባጭ ለዶክተሩ እንደሚልክ፣ ነገሩ በዚያው እንደሚያልቅ ነገረኝ። ወረቀት አቀረበልኝ። እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፦ «መጽሐፉ ላይ በቀይ ብዕር የጻፍኩት እኔ ነኝ። እርማት ነው። አልጸጸትም።» ፈርሜ ሰጠሁት።

አነበበው፤ አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ለዶክተሩ ይላከው አይላከው አላወቅሁም። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ዝውውር ደረሰኝ፤ ከነቀምቴ በአውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል ወደሚያስኬድ፣ ቤተ መጻሕፍት ወደሌለው ትምህርት ቤት። አባቴ ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ አውቶቡሱ መጣ። ስለ መጽሐፉ ከሰው ሰምቷል፤ ይገሥጸኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ያ ሰውዬ» አለኝ መስኮቱ ሥር ቆሞ፤ «ለእሱም እንጸልያለን።»

«አንተ ጸልይለት» አልኩት።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሣ። አባቴ እጁን በመስኮቱ አስገብቶ እጄን ጨበጠኝ።